የግራው ትከሻ

እኔ መታረም አልወድም። ይህን ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚነግረኝ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ ነው የሚነግረኝ፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። የወንድሜ ልጅ ሚስራ ግን መዞር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ባለፈው ሰኔ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የማስተምራቸው ስድስት ልጃገረዶች የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው እያለ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አጠገቤ ቆመችና «አዳዳ፣ ወረቀቱ ጠማማ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የትኛው ወረቀት ብዬ አልጠየቅኩም። ስፌት ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሚባለው አንድ ነው፤ ከመስኮቱ በላይ በሚስማር የተሰቀለው፣ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠው፣ ከእጅ ብዛት እንደ ቆዳ የለሰለሰው የኮት ልክ። ባለቤቴ እንድሪስ፣ አላህ ይርሐመውና፣ እሱና እኔ ዕድሜያችንን በሱ ነው እንጀራ የበላነው። የጨፋ ገበሬ ለልጁ ኒካህ የለበሰው ኮት፣ ነጋዴው ባቲ ሲወርድ የሚደርበው ኮት፣ ሁሉም ከዚያ ወረቀት ነው የወጣ። ሚስራ ስትወለድ ወረቀቱ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ጠማማስ አንቺ ነሽ ብያት ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ግን ፈተናው ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ፈተናው ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና ነው። ሙያ የሚያስተምር ሁሉ ምስክር ወረቀት ይኑረው ተባለ፤ የሌለው ለራሱ መስፋት ይችላል፣ ማስተማር ግን አይችልም። ደብዳቤውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኔን ማን አስተምሮኝ ነው ማን የሚፈትነኝ? ሳቄ ቶሎ አለቀ። ስድስቱ ልጆች አሥረኛ ክፍል ላይ የቀሩ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ሄዶ፣ ቤት ተከራይቶ ለመማር አቅሙ የላቸውም። እኔ ዘንድ ሲመጡ አሮጌ ደብተርና የማይለበስ ልብስ ይዘው ይምጡ እንጂ ሌላ የምጠይቃቸው ነገር የለም። ፈተናው ደግሞ የወንድ ኮት ቆርጦ መስፋት ነው። ከወደቅኩ በማግስቱ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ።

እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር። እንድሪስ ሲያገባኝ እህል ተሸካሚ ነበር። አጎቱ ባቲን ለቆ ሲሄድ መዘውሩ የዛገ የእግር መኪና ተወለት፤ መኪናው መጣ፣ መስፋት የሚችል ግን ከሁለታችን አንድም የለም። በዚያን ጊዜ በከተማው የነበረው ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ ሲቆርጥ ሰው ካየ ጀርባውን ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ያለ ክር ነው የሰፋነው። የጎረቤት ልጆች የጨረሱትን ደብተር እንለምንና ቅጠሉን መርፌው ሥር አስገብተን፣ ሰማያዊውን መስመር ተከትለን እንረግጣለን። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እናነሳዋለን። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ከተሰለፉ አለፍን፤ ከወጡ እንደገና። እንድሪስ መጀመሪያ ሰሞን ቀዳዳው እንደ ሰካራም መንገድ ይጠማዘዝበት ነበር። የኔ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህንንም በየቀኑ አስታውሰው ነበር።

ክር ስንገዛ ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ጀመርን። ባቲ ገበያ ይወርድና ማንም ያልገዛውን፣ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ፣ ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። ተርትረን እንበታትነዋለን፣ መሬት ላይ ዘርግተን የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገጥም እናያለን፣ መልሰን እንሰፋዋለን። ሱሪን ያስተማረን የሞተ ሱሪ ነው። ሸሚዝንም እንዲሁ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ጊዜ የበለጠ ደስ ያለኝ ዘመን የለም፤ ምሳችን ቆሎ ሆኖ፣ አንድ እጅጌ በትክክል የገጠመ ቀን ሰርግ ያለብን ይመስለን ነበር።

ኮት ግን አስቸገረን። የሚጣል ኮት የለማ። ሰው አባቱ የለበሰውን ኮት ይለብሳል፣ ከሱ ቀጥሎ ልጁ ይለብሰዋል። በመጨረሻ አንድ ጧት ሙሳ የሚባል አስተማሪ እጅጌው እንዲያጥርለት ኮቱን አመጣ፤ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። እንድሪስ አየኝ፣ አየሁት። በሩን ዘጋንና የሰውየውን ኮት ከኮሌታው እስከ ገበሩ ተረተርነው።

ያኔ አንዱን ወገን ብቻ ስሎ፣ ጨርቁን አጥፎ ሁለቱን ባንዴ መቁረጥ እንደሚቻል የነገረን ማን አለ? ግራውም ቀኙም ለየብቻ የሚሳል መስሎን ነበር። ጊዜ ደግሞ የለም። የሲሚንቶ ከረጢቱን ቀደን ዘረጋንና እንድሪስ ቀኙን ያዘ፣ እኔ ግራውን። እሱ እንደ ልማዱ እያጉረመረመ ቀስ ብሎ ይስላል፤ እኔ ቶሎ ጨርሼ እሱን ማጣደፍ ጀመርኩ። አስተማሪ ሙሳ ሲመጣ ኮቱ እንደነበረ ተሰፍቶ፣ እጅጌው አጥሮ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ ጠበቀው። ለበሰው፣ ከበፊቱ ይልቅ ተመቸኝ አለ፣ መርቆንም ሄደ። በሩ እንደተዘጋ እንድሪስ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሲስቅ እስካሁን ይታየኛል።

ከዚያ ወረቀት የወጣው የመጀመሪያው ኮት ለወንድሜ፣ ለሚስራ አባት ነበር። ግራ ትከሻው ወረደ፣ ብብቱን ያዘው፣ የፊቱ ጠርዝ በግራ በኩል ወደ ላይ ተሰቀለ። እንድሪስ ወረቀቱን አውርደን እንየው አለ። እኔ የሳልኩት ወገን መሆኑን ስሰማ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። እጄ የነካው ወረቀት ከተወቀሰ መኪናው ላይ አልቀመጥም፣ ጠማማው ያንተ አቆራረጥ ነው አልኩት። ሦስት ቀን አልተቀመጥኩም። በአራተኛው ቀን መጥቶ፣ ልክ ነሽ፣ መቀሱ ነው የተንሸራተተብኝ አለኝ። ቀጥሎ የቆረጠው ኮት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። «አየህ!» አልኩት። ያቺን «አየህ!» ሀያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተውኳትም።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ተከፋፈልን፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። አንድ ልማድም አወጣ። ጨርቁን ይዘረጋል፣ ወረቀቱን ያስቀምጥና ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ ያሰምራል፣ ወረቀቱን ያነሳል። መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ግራ ትከሻው ላይ ሌባ ጣቱን ጋደም ያደርግና ቢስሚላህ ይላል። ሁልጊዜ ግራ ትከሻው ላይ። ለምን ግራ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው ልብ ያለው በግራ ስለሆነ ነው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ኮት ለሚያሠራ ሰው ልብ ዱዓ የሚያደርግ ባል አለኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

እንድሪስ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። መቀሱ ወደኔ መጣ። እሱ ያደርገው እንደነበረው አሰምራለሁ፣ ግራ ትከሻው ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ፣ ቢስሚላህ እላለሁ፣ ጣቴን አነሳለሁ፣ መስመሩን ተከትዬ እቆርጣለሁ። አንዱ ደንበኛ ብብቴን ያዘኝ ሲል ጆንያ የምትሸከምበት ትከሻ ነው አልኩት። ሌላው በግራ አጠረብኝ ሲል ቀጥ ብለህ ቁም አልኩት። ሰው እኔ ቤት መጥቶ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ቀስ በቀስ ማንም ምንም ማለቱን ተወ፤ እኔም ሥራዬ ቢያምር ነው አልኩ።

ሚስራ ሙያዋን የተማረችው ከስልክ ነው። የማታውቃቸውን ሰዎች ቪዲዮ እያየች፣ እያቆመች፣ እየመለሰች። ኮት በስልክ ይማራል እንዴ እያልኩ ስቄባታለሁ። እሷም እንደኛው ማንም ሳያስተምራት ራሷን እያስተማረች መሆኑን ለማየት ልቤ አልፈቀደም ነበር። ወረቀቱ ጠማማ ነው ባለችኝ ማግስት ያንኑ ስልክ ይዛ መጣችና የአንድ ሰርግ ፎቶ አሳየችኝ። ሦስት ሚዜዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሦስቱም የኔን ኮት ለብሰዋል፤ ሦስቱም በአንድ ወገን ዘመም ብለዋል። አጂብ፣ ጉድ ነው አልኩ በሆዴ። አፌ ግን ፎቶ አንሺው ነው ጠማማ አለ።

እሷም ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀቱን ከሚስማሩ አወረደችው፣ ቀኙን በግራው ላይ ገልብጣ አስተካከለች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። እኛ ቀዳዳ የምናይበት መስኮት ነው። ከታች ገጠመ፣ ከጎን ገጠመ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ግራው በአንድ ጣት ስፋት ዝቅ ብሏል። ስድስቱ ልጆች መኪናቸውን አቁመው ያዩናል።

እንግዲያው ፍርዱን ይስጠን ብዬ ሳጥኔን ከፈትኩና የእንድሪስን ኮት አወጣሁ። ለራሱ የቆረጠው ነው፣ ከዚያው ወረቀት፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። መስቀያ ላይ ሰቀልነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ እንከን የለውም። አየሽ አልኳት። እሷ ግን የኮቱን ግራ ትከሻ በጣቷ ዳሰሰችና፣ ፈራ ተባ እያለች፣ ትከሻው ይተርተር እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ራሴ ተረተርኩት። ኮቱ አሁንም የሱ ሽታ ነበረው። ጨርቁን በወረቀቱ ላይ ዘረጋሁት። ቀኙ በልኩ ተቀመጠ። ግራው ከወረቀቱ አልፎ በአንድ ጣት ስፋት ወጣ። እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

በሰንበቴ ገበያ ቀን ማልጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ሰንበቴ ውስጥ በድሩ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፤ ልጅ እያለ ሁለት ዓመት እንድሪስ አጠገብ ቆሞ መቁረጥ የተማረ ነው። ከብቶቹ ከሚሸጡበት ሜዳ ወዲህ ሸራ ዘርግቶ አገኘሁት። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ኮታ ታኣ ብሎ በርጩማውን ገፋልኝ። አልቀመጥም አልኩ። እንድሪስ ግራ ትከሻው ላይ ጣቱን ለምን ነበር የሚያስቀምጠው ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። በድሩ መቀሱን አስቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ዱዓ ብቻ አልነበረም፣ መለኪያም ነበር» አለኝ። «መስመሩን ተወው፣ ከጣቱ ውጪ ቁረጥ፣ ከዚያ መስመሩን አብሰው ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ወረቀቱን ለምን አላረመውም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። እሷ የሳለችው ነው፣ አይነካም አሉኝ። እንዳልነግርዎትም አስማሉኝ።»

ከሞተ በኋላስ ምነው ብትነግረኝ አልኩት። ሁለት ጊዜ ከሚሴ ድረስ መጥቶ፣ ፊቴን አይቶ፣ ሰላም ብሎኝ ብቻ መመለሱን ነገረኝ። ያን ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ሜዳው ሁሉ ማሽላ ነው፣ የቦርከና ወንዝ ከዛፎቹ መሀል ብልጭ ይላል፤ እኔ ግን የምሰማው ያቺን «አየህ!» ነው። ኮት በተቆረጠ ቁጥር እሱ ጣቱን አስቀምጦ የኔን ስህተት ያርማል፣ እኔ ከጀርባው ሆኜ በወረቀቴ እኮራበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሆድ ባሰኝ፣ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ማን ሞቶብሽ ነው አለችኝ። ተናድጄበታለሁም፣ አልዋሽም። ምነው ብትነግረኝ አልኩ። ቢነግረኝ ግን ሌላ ሦስት ቀን መኪናው ላይ አልቀመጥም ነበር፤ ይህንን እሱም ያውቀዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማውን ሁሉ አጎበጥኩት፣ ማንም ደፍሮ የነገረኝ የለም። ልጅ ነሽ ብዬ ያሳነስኳት ሚስራ፣ ከነሱ ሁሉ የምትወደኝ እሷ ነበረች።

ቤት ስደርስ ሚስራ መፍትሔውን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። እንድሪስ የሳለውን የቀኙን ወገን ብቻ አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጣዋለች፤ ጨርቁ ይታጠፋል፣ ሁለቱም ባንዴ ይቆረጣል፣ አለቀ። እውነቷን ነው። ስድስቱ ልጆች ዛሬ የሚማሩት በሱ ነው። ልጆቹ ዛሬም አሉ ስላልኩ ፈተናውን ማለፌን አወቃችሁ፤ ይሁን፣ አልፌያለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ ማለፉ አይደለም።

የፈተናው ቀን ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ጨርቁን ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና እጄ አሮጌውን አወጣ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ የልጆቹ ነገር እዚያ ጨርቅ ላይ ነው ያለው፣ አንዴ ከተሳሳትኩ ሌላ ጨርቅ የለም። ግን ያንን ኮት ለብቻዬ መቁረጥ አልፈለግኩም። አሰመርኩ። ወረቀቱን አነሳሁ። ግራ ትከሻው ላይ ሌባ ጣቴን ጋደም አደረግኩና ቢስሚላህ አልኩ። በዚህ ጊዜ ጣቴን አላነሳሁም።

መቀሱን ላስጠጋ ስል አንድ ነገር አየሁ። የኔ ጣት ቀጭን ናት። መርፌ ስትይዝ የኖረች ጣት ናት። የሱ ጆንያ ሲያነሳ ያደገ ወፍራም ጣት ነበር፤ በኔ ጣት ብቆርጠው ኮቱ አሁንም ይጎድላል። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበረች፣ አልነካኋትም። ያንን ጣት ስንት ዓመት ይዤዋለሁ፤ መንገድ ስንሄድ ይዤዋለሁ፣ ሲታመም ይዤዋለሁ፣ ሲሞትም በእጄ ውስጥ ነበር። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ፣ መዳፌ ውስጥ ስፋቱን አገኘሁት፣ መቀሱን ከኔ ጣት ትንሽ አሳለፍኩና ቆረጥኩ።

ኮቱ ሲያልቅ መስቀያ ላይ ሰቀሉት። ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ ግራውንም ቀኙንም ትከሻ ለካች፣ ጽፋ እንደገና ለካች። እኩል ነው አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ግራ ትከሻው ላይ ያልለቀቀውን የሳሙና መስመር አየች፤ ያሰመርኩትን ትቼ ከውጭ መቁረጤን አሳየችኝና ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድሮ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

«መስመሩ የኔ ስህተት ነው» አልኳት። «የታረመው በባለቤቴ ጣት ነው።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ተሳስቻለሁ ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር፣ በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን አልነበረም።